ሃምሳኛው ደቂቃ

ነርሷ የምርምር ላቦራቶሪውን ቀዝቃዛ ክፍል በር የከፈተችው ለከሰዓት ተረኞች መድኃኒት ልታወጣ ብላ ነበር። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ቁልፉ በሩ ላይ እንደተሰካ ነው። ከባዱን በር ስትስበው መብራቱ በርቶ፣ መድኃኒት ቀማሚው ሽማግሌ ወለሉ ላይ በጎናቸው ተጋድመው አገኘቻቸው። የነጭ ጋውናቸው አንገትጌ በደም ርሷል። መጀመሪያ የሞቱ መሰላት። ጎንበስ ስትል ግን ትንፋሻቸው በብርዱ ውስጥ ብን ሲል አየች። ያኔ ነው እሪ ያለችው።

ኢንስፔክተሯ ከረዳቷ ሳጅን ጋር ስትደርስ አምቡላንሱ ሄዷል። ሃምሳ ዓመት የሞላት፣ ዝምታ የምታበዛ ሴት ናት። በሥራዋ ሃያ ስድስት ዓመት ቆይታለች፤ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ቤቱን በሙሉ የምታምስበት ቀን በርክቷል። ይህን ከባሏ በቀር የሚያውቅባት የለም።

ክፍሉ ጠባብ ነው። ግራና ቀኙ የብረት መደርደሪያ፣ መደርደሪያው ላይ በቁጥር የተሰለፉ ነጫጭ ሳጥኖች። በስተቀኝ ያለው መደርደሪያ ጠርዝ ላይ ደምና ጥቂት ሽበት ተጣብቋል። ከሳጥኖቹ መሀል አንዱ የነበረበት ቦታ እንደወለቀ ጥርስ ባዶ ሆኖ ይታያል። ወለሉ ላይ ትንሽ መቀስና ጥቁር ሽፋን ያለው መዝገብ ወድቀዋል። መዝገቡ የታሸገበት ክር ተቆርጧል።

«ሲስተር፣ የጎደለው ምንድን ነው?»

«አንድ ሳጥን። አሥራ ሁለት ብልቃጥ ነበረበት።» ነርሷ እጇን ብብቷ ውስጥ ከተተች። «ያስደነገጠኝ ግን መዝገቡ ነው። መከፈት አልነበረበትም። የትኛው ሰው መድኃኒቱን፣ የትኛው የጨው ውሃ እንደሚወጋ የተጻፈው እዚያ ላይ ነው። ከመድኃኒት ቀማሚያችን ከጋሼ በቀር ማናችንም አይተነው አናውቅም። የጥናቱ መሪ ፕሮፌሰሩም ቢሆኑ።»

ኢንስፔክተሯ መዝገቡን በጓንት ገለጠችው። አርባ ቁጥሮች ተደርድረዋል፤ ከእያንዳንዱ ቁጥር አጠገብ «ሀ» ወይም «ለ» ተጽፏል። ሌላ ምንም የለም።

«ሀ የትኛው ነው? ለስ?»

«እሱን ጭንቅላታቸው ውስጥ ነው የያዙት» አለች ነርሷ፣ እንባዋ እየመጣ።

የበር ዘበኛው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ አራት ተኩል የወጣም የገባም የለም ብሎ ምሎ ተገዘተ። እንግዲያው ሕንፃው ውስጥ የነበሩት ጥቂት ሰዎች ናቸው፤ ፕሮፌሰሩ፣ ነርሷ፣ ማሽኑን የሚጠብቀው ቴክኒሻን፣ የእንግዳ መቀበያዋ ጸሐፊ፣ አራት ፈቃደኛ ተፈታኞችና እነሱን አጅበው የመጡ አራት ዘመዶቻቸው። መርፌ የተወጋ ሰው ብቻውን ወደ ቤቱ እንዳይሄድ ደንብ አለ።

«ተፈታኞቹ የታሉ?»

«ሸኘናቸው» አለች ጸሐፊዋ፣ ኩምሽሽ ብላ። «ጩኸት ሲሆን፣ አምቡላንስ ሲመጣ፣ ግራ ገባን። እነሱ ደግሞ እስከ አራት ተኩል ድረስ ክፍላቸው ተዘግቶ ነበር። ማሽኑ ይመሰክርላቸዋል።»

ሳጅኑ ከንፈሩን መጠጠ። «ሳጥኑም አብሮ ተሸኝቷላ!»

*

ፕሮፌሰሩ የሸሚዙን ቁልፍ አዛንፎ የቆለፈ ረጅም ሰው ነው። ቢሮው ውስጥ ወንበሮቹ ሁሉ ወረቀት ተሸክመዋል። ኢንስፔክተሯ ቆማ ጠየቀችው።

«ሥራችሁን ቀለል አድርገው ይንገሩኝ። ለእናትዎ እንደሚነግሩ።»

«እናቴ አዋላጅ ነበረች፤ ከእርስዎ ይበልጥ እሷ ነበረች በጥያቄ የምታፋጥጠኝ» አለና ፈገግታው ወዲያው ጠፋ። «ከአንጎላችን ሥር አተር የምታክል እጢ አለች። ሰውነት ሲጨነቅ ሆርሞን ትለቃለች። ሆርሞኑ ረጅም ሰንሰለት ነው ይበሉ። ከሰንሰለቱ ጥቂት ቀለበት ብቻ ቆርጠን እንወስዳለን፤ ፔፕታይድ ይባላል። ይቺ ቁራጭ የሙሉውን ሆርሞን ሥራ አትሠራም። ግን የሰው ልብ ቶሎ እንዳይበተን፣ አንድ ነገር ላይ ረዘም ላለ ጊዜ እንዲቆይ የምታግዝ ይመስለናል።»

«ይመስለናል?»

«ገና ነዋ! ለዚህ እኮ ነው የምንፈትነው። ለግማሾቹ እሷን፣ ለግማሾቹ የጨው ውሃ። ማን ምን እንደተወጋ እኔም አላውቅ፣ እነሱም አያውቁ። ካወቅሁማ ዓይኔ ማየት የሚፈልገውን ነው የሚያየው።»

«ልብ የሚያስገዛ መርፌ ነው በሉኛ» አለ ሳጅኑ። «ለሚስቴ ወንድም አንድ ሳጥን ይፈለግ ነበር።»

ኢንስፔክተሯ ሳቋን ዋጥ አደረገችው። እውነቱን ለመናገር ሳጅኑ የሚስቱን ወንድም ሲያስብ፣ እሷ ግንባሯ ላይ የሚጠፋውን መነጽሯን ነበር ያሰበችው።

ፈተናው ቀላል ነው። ተፈታኙ መርፌውን ተወግቶ ከሦስት ሰዓት እስከ አራት ተኩል ጨለማ ክፍል ውስጥ ብቻውን ይቀመጣል። ፊት ለፊቱ ግድግዳው ላይ ትንሽ ደብዛዛ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች። አንዳንዴ በጣም በጥቂቱ ደመቅ ትላለች። ያኔ ቁልፍ መጫን ነው። ማሽኑ እያንዳንዷን የጣት ንክኪ ይመዘግባል። በሳምንት አንድ ቀን፣ ለስድስት ሳምንት። ዛሬ የመጨረሻው ቀን ነበር።

«ጋሼ ወደ ቀዝቃዛው ክፍል የሄዱት አሥር ጉዳይ ለአራት ነው፤ ጸሐፊዋ አይታቸዋለች። ከዚያ እስከ አራት ተኩል እርስዎ የት ነበሩ?»

«እዚሁ። ብቻዬን። ሳነብ።» ይህን ሲል ዓይኑ ወደ ስልኩ ሸሸ። ኢንስፔክተሯ አየችው፤ በልቧ ያዘችው እንጂ ለጊዜው አላነሣችበትም።

ሲወጡ ጸሐፊዋ ኮሪደሩ ላይ ጠበቀቻቸው። «ሰው ማሳጣት እንዳይመስልብኝ እንጂ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ከትናንት ወዲያ ፕሮፌሰሩና ጋሼ ተጣልተው ነበር። ‹የሰባት ቁጥርን ብቻ ንገሩኝ› ይላሉ ፕሮፌሰሩ። ጋሼ ‹ሥራዬን ትቼ እወጣለሁ እንጂ አልነግርህም› ሲሉ ሰምቻለሁ።»

ሳጅኑ እጁን አፋተገ። «አገኘነዋ! መዝገቡን ሊያይ ገባ፣ ሽማግሌው ደረሱበት፣ ገፈተራቸው።»

«ሳጥኑንስ ምን ሊያደርገው? የራሱ ላቦራቶሪ ነው። ሲያሻው አስፈርሞ ይወስዳል።»

ሳጅኑ እጁን ማፋተጉን ተወ።

*

ቴክኒሻኑን «ሽቦ» ይሉታል። ቀጭን ስለሆነም፣ ቀኑን ሙሉ ሽቦ ሲቀጥል ስለሚውልም። ዓይኑ ቀልቷል።

«ዓይኔን ከማሽኑ ላይ አልነቀልኩም» አለ፣ ገና ሳይጠየቅ።

ኢንስፔክተሯ ከዚያ በፊት ከተፈታኞቹ ሁለቱን በየቤታቸው አነጋግራለች። ሦስት ቁጥር የተባለው ጡረታ የወጣ ፖስተኛ ምሬቱን ዘርግፎላት ነበር። ጉሮሮው ደርቆ አምስት ጉዳይ ለአራት ላይ የጥሪ ደወል ተጭኗል፤ ውሃ ያመጣለት ግን እስከ አራት ሰዓት ከሩብ አልነበረም።

«አንተ ነህ ደወሉን የምትሰማው፣ አይደለም?» አለችው ሽቦን።

ዓይኑን አሸት አደረገ።

«ለሃያ ደቂቃ ያህል የት ነበርክ?»

ሽቦ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ያዘ። «እዚሁ ወንበር ላይ። ተኝቼ። ልጃችን ሃያ ሁለት ቀኗ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ስታለቅስ ነው የምታድረው። የሰው ትኩረት በሚለካበት ቤት የሚለካው ሰውዬ አንቀላፋ ቢባል ምን ይሉኛል ብዬ ነው። ነቅቼ ቢሆን ኖሮ ጋሼ ሲወድቁ እሰማ ነበር። ይሄ ነገር ውስጤን እየበላኝ ነው።»

ኢንስፔክተሯ ትከሻውን ነካ አደረገችው። «ሁለት አሳድጌያለሁ። ያልፋል» አለችው።

የፕሮፌሰሩም ነገር በማግስቱ ተጣራ። በቢሮው ስልክ ከአሥራ አምስት ጉዳይ ለአራት እስከ አራት ሰዓት ከሃያ አምስት ድረስ ሳይቋረጥ ሲያወራ ነበር። መዝገቡ ሳይከፈት ውጤት ለሌላ ሰው ማውራት ክልክል ነው፤ እሱ ደግሞ በሌላ ከተማ ላለ ባልደረባው የሰባት ቁጥርን ውጤት እየዘረዘረ ደስታውን ሲነግረው ነበር። የዋሸው በዚህ አፍሮ ነው።

«ያቺ ሴት ተአምር ናት» አለ አሁን፣ ሁሉን ካወጣ በኋላ። «ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ነው የምትሠራው። ጨርቁ በፊቷ ሲያልፍ እንከን ታድናለች። ስትመጣ ልቧ አልጨበጥ ብሏት ነበር፤ አሁን በየሳምንቱ እየተሻላት ነው። ትናንት ደግሞ... ቆይ ላሳይዎት።»

ከወረቀቱ ክምር አንድ ሥዕል መዝዞ አወጣ። ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ እያለ የሚያዘቀዝቅ መስመር ነው። ሃምሳኛው ደቂቃ ላይ ሲደርስ ግን ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል፤ አሥራ ስምንት ደቂቃ እዚያው ቆይቶ ገደል እንደገባ ሰው ቁልቁል ይወርዳል።

«መድኃኒቱ ዘግይቶ ይዞ፣ ቶሎ ለቀቃት» አለ ፕሮፌሰሩ።

ኢንስፔክተሯ ሥዕሉን አገላብጣ አየችው። ሃምሳኛው ደቂቃ ማለት አሥር ጉዳይ ለአራት ማለት ነው።

«ፕሮፌሰር፣ እኔን ይፈትኑኝ» አለች።

«መርፌውን?»

«መርፌውን አይደለም። ወንበሩን።»

*

መጀመሪያ ላይ ተጫወተችበት። የመብራቷን ብልጭታ ቆጠረች፤ ደመቅ ባለች ቁጥር ጣቷ ይፈጥናል። አሥር ደቂቃ ያህል በራሷ ኮራች። ከዚያ የልጇ የጫማ ቁጥር ስንት እንደሆነ ማሰብ ጀመረች። የእናቷ የጥርስ ቀጠሮ ማክሰኞ ነው ወይስ ሐሙስ? አሁን ደመቀች እንዴ? አመለጠቻት። ራሷን ቆነጠጠች። ዓይኗ ክፍት ነው፣ መብራቷን ታያለች፤ ልቧ ግን ቤቷ ደርሶ ተመልሷል። በሩ ሲከፈት ሦስት ሰዓት የቆየች መሰላት።

«ከመቶ አርባ አንድ» አለ ሽቦ፣ እያፈረ። «አይክፋዎት። ብዙ ሰው እንዲሁ ነው።»

«እኔ እኮ መርማሪ ነኝ!»

የእሷም መስመር አዘቅዝቋል፤ ተመልሶ አልወጣም። ሽቦ የአርባውንም ሰው የስድስት ሳምንት መዝገብ እያወጣ አሳያት። አንዳንዱ ቀስ ብሎ፣ አንዳንዱ ፈጥኖ ይወርዳል። የሰባት ቁጥርም ያለፉት አምስት ሳምንታት መስመር ቀስ ብሎ የሚወርድ፣ ደርባባ መስመር ነው።

«ሃምሳ ደቂቃ ላይ ነቅቶ ወደ ላይ የሚመለስ የለም?»

«የለም። ከእሷ በቀር። እሷም የመጨረሻውን ቀን ብቻ።»

«ማሽኑ ሌላ ምን ይይዛል?»

«ጣት ቁልፉ ላይ ለምን ያህል ጊዜ እንደቆየ ይይዛል። ግን ማንም አይቶት አያውቅም፣ ለምንም አይጠቅም።»

«እስቲ አውጣልኝ።»

ሽቦ ቁጥሮቹን ደረደረ። የሰባት ቁጥር ጣት ለስድስት ሳምንት ያለማቋረጥ ዶሮ ጥሬ እንደምትለቅም ነው፤ ነካ አድርጎ ይነሣል። በመጨረሻው ቀን ከሃምሳኛው ደቂቃ እስከ ስድሳ ስምንተኛው ግን ጣቱ ቁልፉ ላይ ተጭኖ ይቆያል፤ አራት እጥፍ። ከዚያ ወዲያ ደግሞ ያው አጭሩ ጣት ተመለሰ። ብዙውን መብራት ግን አልያዘም።

«ሽቦ፣ ይሄ የአንድ ሰው ጣት ነው?»

ሽቦ ቁጥሮቹን በጣቱ እየተከተለ ወረደ። «አይደለም» አለ በመጨረሻ። «ሁለት ሰው ነው።»

ፕሮፌሰሩ ከኋላቸው ቆሞ ይሰማ ነበር። ወንበር ፈልጎ ወረቀት ላይ ተቀመጠ። ምናልባት በዕድሜው ካገኘው ውጤት ሁሉ ያማረው ያ ሥዕል ነበር። «ለሰው ሁሉ ልናገርበት ነበር እኮ» አለ። ቆየት ብሎ ደግሞ፣ «ልጅቷ ምን ነክቷት ይሆን? ሰኞ ዕለት መጥታ፣ መርፌው እንዳይቋረጥብኝ ብላ ለምናኝ ነበር። ደንቡ አይፈቅድም ብዬ መለስኳት። ፊቷን እንኳን በደንብ አላየሁም» አለ።

«አጅቧት የመጣው ማን ነበር?» ብላ ኢንስፔክተሯ ጸሐፊዋን ጠራች።

«እህቷ። ታናሿ። ሽንት ቤት ብላ ገብታ ስለቆየች ሆዷን አሟት ይሆናል ብዬ አስቤ ነበር።»

*

ኢንስፔክተሯ ወደ ፋብሪካው አልሄደችም። ሠራተኛ ሁሉ እያየ ሴትን ከመሥመሯ ላይ ማንሣት ለኋላም ይደርሳል ብላ መጀመሪያ የሽማግሌውን ሁኔታ ልትጠይቅ ሆስፒታል ጎራ አለች። ራሳቸውን ከሳቱ ሦስት ቀናቸው ነው፤ ጨርሶ አልነቁም። ባለቤታቸው አልጋው ግርጌ ተቀምጠው እግራቸውን ያሻሉ።

«ዘመድ አዝማድ እየመጣ ያጽናናዎታል?»

«ይመጣል። አንዷ ብቻ ናት ግራ ያጋባችኝ» አሉ ባለቤታቸው። «በየቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ትመጣለች አሉኝ። ተረኛዋን ‹የወንድማቸው ልጅ ነኝ፣ ነቁ ወይ?› ብላ ትጠይቃታለች። ግቢ ስትባል አትገባም። እሱ ደግሞ አንድ ለእናቱ ነው፤ ወንድም ከየት አምጥቶ?»

ኢንስፔክተሯ ሰዓቷን አየች። አሥር ሰዓት ከሩብ።

ሴትየዋ ስትመጣ የሥራ ጋውኗን አላወለቀችም፤ ትከሻዋ ላይ የጨርቅ ብናኝ አለ። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ተረኛዋን ጠየቀች፣ መልሱን ሰማች፣ ኮሪደሩ ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር ጫፍ ላይ ኩርምት ብላ ተቀመጠች። ኢንስፔክተሯ አጠገቧ ተቀመጠች።

«የወንድማቸው ልጅ ነሽ አሉኝ።»

«አዎ።»

«ወንድም የላቸውም። ሰባት ቁጥር ነሽ፣ አይደል?»

ሴትየዋ አልሸሸችም። እንደውም ከባድ ዕቃ ያወረደች ያህል ትከሻዋ ላላ። «እህቴን አትንኩብኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው። እሷን ያሳደግኋት እኔ ነኝ፤ ግቢ ካልኳት ትገባለች፣ ተቀመጪ ካልኳት ትቀመጣለች» አለች።

«ከመጀመሪያው ንገሪኝ።»

«ባለቤቴ ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው። ከዚያ ወዲህ ጨርቁ በፊቴ ያልፋል፣ ዓይኔ ያያል፣ ልቤ የለም። ቀዳዳ ያመልጠኛል፣ የተበጠሰ ክር ያመልጠኛል። አለቃዬ ሁለት ጊዜ አስጠነቀቀኝ። ሦስተኛው መባረር ነው። ከዚያ ስለ መርፌው ሰማሁ። በሁለተኛው ሳምንት ጭንቅላቴ ውስጥ መስኮት የተከፈተ መሰለኝ። እንከን አንድም አላሳልፍ አልኩ። ልጆቼን ሲያወሩኝ መስማት ጀመርኩ። በፊት እኮ ‹እሺ፣ እሺ› እላቸዋለሁ እንጂ አልሰማቸውም ነበር።» ቆም አለች። «ሊያልቅ ነው ሲሉኝ እንደገና ልትሞቺ ነው የተባልኩ ያህል ሆንኩ።»

ሳጥኑን ለመውሰድ ያሰበችው ጋሼ በየጊዜው አሥር ጉዳይ ለአራት ላይ ቀዝቃዛውን ክፍል ከፍተው፣ ቁልፉን በሩ ላይ ትተው፣ የከሰዓቱን ዝርዝር ሊያመጡ ወደ ቢሮአቸው እንደሚሄዱ፣ ውጭ ስትጠብቃት ካየችው ከታናሿ ሰምታ ነው። በዚያ ሰዓት ታናሿን ጨለማው ክፍል ውስጥ ተክታ ወጣች። ሳጥኑን ይዛ ልትወጣ ስትል ሽማግሌው ከፊቷ ቆሙ።

«ተቆጡሽ?»

«አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ‹ልጄ፣ ይሄ ላንቺ ምንም አያደርግልሽም። ስንወጋሽ የቆየነው የጨው ውሃ ነው› አሉኝ። አላመንኳቸውም። በእጃቸው የያዙትን መዝገብ ክሩን ቆርጠው ገለጡልኝ፤ ‹ይኸው፣ ሰባት፣ ለ። ለ ማለት ጨው ነው› አሉኝ። ማን ያውቃል ለ ምን እንደሆነ? ሊሸኙኝ የፈጠሩት መሰለኝ። ሳጥኑን ያዙት፣ እኔም ጎተትኩት። ለቀቁትና ወደ ኋላ ሄዱ። በሩ በራሱ ክብደት ተዘጋ። ድምፅ ሰምቻለሁ። ከውስጥ እንደሚከፈት አውቃለሁ፤ አሁን ይነሣሉ ብዬ ሮጥኩ።»

«ከዚያ ተመልሰሽ ወንበሩ ላይ ተቀመጥሽ።»

«መብራቷ ስትደምቅ አያታለሁ፣ ጣቴ አልታዘዝ አለኝ። ጆሮዬን አቁሜ ኮሪደሩ ላይ ኮቴያቸውን እጠብቅ ነበር። አልመጣም።» ፊቷን በጋውኗ እጅጌ ሸፈነች። «ጮኼ መጥራት ነበረብኝ። እሱን ነው ራሴን ይቅር የማልለው።»

«ሳጥኑስ?»

«ቤት ነው። አልከፈትኩትም። በምን እጄ እከፍተዋለሁ?»

ታናሽየዋ በዚያው ዕለት በገዛ እግሯ ጣቢያ መጣች። ሳጅኑ ስለ ጣቷ ሲጠይቃት አፍራ ሳቀች። «የእትዬ ውጤት እንዳይበላሽባት ፈራሁ። ቁልፉን መንካቴን ማሽኑ እንዲያምነኝ ተጭኜው እቆይ ነበር» አለች።

*

ሽማግሌው የነቁት በአምስተኛው ቀን ነው። ሐኪሙ አሥር ደቂቃ ፈቀደ። ጨርቅ ፈታሿ ከኢንስፔክተሯ ጋር ስትገባ ራሳቸው በፋሻ ተጠቅልሎ፣ ትራስ ተደግፈው ነበር። ሴትየዋ በሩ ላይ ተንበረከከች።

«ተነሽ፣ ተነሽ፣ ወለሉ ይበርዳል» አሉ ሽማግሌው፣ በቀጭን ድምፅ። ከዚያ ወደ ኢንስፔክተሯ ዞሩ። «ሳጥኑን መጀመሪያ የያዝኩት እኔ ነኝ። የለቀቅሁትም እኔ። ይሄ ይጻፍልኝ። ደንብ ያፈረስኩትም እኔ ነኝ፤ አርባ ዓመት ሙሉ የሥራ ምስጢር አውጥቼ አላውቅም፣ ያን ቀን ግን አወጣሁ።»

«ለምን ተናገሩ?»

«ስታለቅስ አይቻት። ያን ጨው ተወግታ እየሳቀች ስትወጣ ስድስት ሳምንት አይቻታለሁ። እውነቱን ብታውቅ የምትድን መሰለኝ።»

ጨርቅ ፈታሿ ቀና አለች። «ጋሼ፣ አሁን ሊያባብሉኝ አይደለም? የእውነት ጨው ነበር?»

«ጨውና ውሃ፣ ልጄ። የኔ እጅ ነው የቀላቀለው።»

«ታዲያ ጨርቁ ላይ ያንን ሁሉ ያየው ማን ነው?»

«እኔን ትጠይቂኛለሽ?» አሉ ሽማግሌው። «ሲስተር በየሳምንቱ እንቅልፍሽ እንዴት ነው ብላ ስትጠይቅሽ እሰማ ነበር። ከዚያ አንድ ሰዓት ተኩል ማንም ‹እማዬ› ሳይልሽ፣ ማንም ሳይቆጣሽ ትቀመጫለሽ። ምናልባት እሱ ይሆናል። ምናልባት ሐዘኑ ራሱ ጊዜውን ጨርሶ ይሆናል። እኔ መድኃኒት ቀማሚ ነኝ፣ ከዚህ በላይ አላውቅም። እኛ ግን ምንም አልሰጠንሽም።»

ሴትየዋ ደስ ያላት አልመሰለችም። ጠፍቶባት የኖረው ዕቃ በሰው ፊት እንደተመለሰላት ሰው፣ የት እንደምታኖረው ግራ ገብቷት እጆቿን እያየች ወጣች።

ጣቢያ ሲደርሱ ሳጅኑ ቃሏን ተይቦ ጨርሷል። አራት ገጽ ነው። እሱ ሁለት ጊዜ አንብቦታል፤ ኢንስፔክተሯም መነጽሯን አድርጋ ከዳር እስከ ዳር አንብባዋለች። ስርቆቱም፣ ጉዳቱም፣ ሽማግሌው ያሉትም ሁሉ ሳይጨመር ሳይቀነስ ገብቷል። ከዚህ ወዲያ ያለው የሕግ ነው።

«አንብቢና ፈርሚ» አለቻት።

ጨርቅ ፈታሿ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። ጣቷን መጀመሪያው መስመር ላይ አሳረፈችና ቀስ እያለች መውረድ ጀመረች። ውጭ መኪና ጥሩምባ ነፋ፤ ቀና አላለችም። የሚቀጥለው ክፍል ውስጥ ሰው ጮኸ፤ ቀና አላለችም። አንደኛውን ገጽ ጨረሰች፣ ሁለተኛውን። ታናሽየዋ በሩ ላይ ቆማ ታያታለች። ሳጅኑ ሰዓቱን አየ። ሦስተኛው ገጽ መካከል ላይ ጣቷ ቆመ።

«እዚህ ጋ» አለች። «አንድ ፊደል ጎድላለች።»

ሳጅኑ ጎንበስ አለ። ኢንስፔክተሯም። «ልጎዳቸው አላሰብኩም» መባል የነበረበት ቦታ ላይ «ልጎዳቸው አሰብኩም» ይላል።

ሳጅኑ ጆሮው ድረስ ቀላ። «ሁለት ጊዜ እኮ ነው ያነበብኩት!»

«እኔም አንብቤዋለሁ» አለች ኢንስፔክተሯ።

እስክሪብቶዋን አውጥታ «ላ»ን በቦታዋ አስገባች፣ ከጎኑም ፈረመችበት። ጨርቅ ፈታሿ የቀረውን አንድ ገጽ ተኩል እስከ መጨረሻዋ ነጥብ አነበበች። ከዚያ ስሟን ጻፈች።